የይርገዱ ተራ በአሥራ ስምንት ዋለ

ይርገዱ ከወረታ ወደ ሐይቁ በሚወርደው በኩል ሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ሄክታር ያህል፣ የሩዝ ማሳ አላት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ማሳዋን የምታሳርመው በወንፈል ነው፤ ስምንት ቤት ሆነው ዛሬ ያንዱን፣ ሌላ ቀን የሌላውን እየዞሩ ያርማሉ። የማንንም ቀን አጉድላ አታውቅም። አምና ትኩሳት ይዟት የትሁንን ማሳ ስታርም ውላ፣ ቤቷ የገባችው በሰው ተደግፋ ነው። ይህን ሰባቱም ቤት ያውቃል። እያወቁ ነው ያደረጉት።

ዘንድሮ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲል ዕጣ ቢጣል፣ ተራዋ ነሐሴ አሥራ ስምንት ላይ ወደቀ፤ ያን ጊዜ ቀኑ ይለፍ ያለ ሰው አልነበረም። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ። በመካከል ያሉትን ቀኖች ሌሎቹ ይዘዋቸዋል። አሥራ ስምንት ካለፋት ተራዋ የሚደርሰው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። እስከዚያ ሙጃው ሩዙን ይውጠዋል። የዓመት ቀለቧ እሱ ብቻ ነው።

በዋዜማው ጎረቤቷ ደስታው ካጥሯ ሥር ቆሞ ተጣራ።

«እታለም! ነገኮ አሥራ ስምንት ነው።»

«አውቃለሁ። ምሳችሁን አሰናድቻለሁ።»

«አይሠራማ! በረዶ ልታወርጅብን ነው?»

«ማነው አይሠራም ያለ?»

«ሰው።»

«የቱ ሰው?»

«ሰዉ ነዋ! አንችም ደግሞ!»

«አንተስ ደስታው? ካንተ ልስማው።»

«እኔማ ምን ቸገረኝ። ሰዉ ባይኖር እመጣ ነበር።»

አምስት ቤት ዞረች፤ ከደስታው ጋር በስድስቱም የሰማችው ይችኑ ነው። «እኔማ ምን ቸገረኝ፣ ሰዉ ነው እንጂ።» ሰዉ ማን ነው ታዲያ? ከይፋግ የመጣ ነው? ከሰማይ የወረደ ነው? ሰዉ ማለት እኮ እነሱው ናቸው!

ቀኑ ሥራ የሚከለከልበት በዓል አይደለም። የአጥቢያው ቄስ አባ በእውቀቱ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ጊዜ ተናግረዋል። «ልጆቼ፣ በዚህ ቀን አትሥሩ ያለ የለም። እኔ ያላዘዝኋችሁን ከየት አመጣችሁት?» ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ወጥቶም እጁን አጣጥፎ ዋለ። ነገሩ ከመጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ሐምሌ አሥራ ስምንት በረዶ ወርዶ የጥቂት ሰው ሩዝ አደቀቀ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ በአሥራ ስምንት ሥራ የወጣ ሰው እሳት አይሰጠው፣ ወንፈል አይግባ ተባለ።

ሰባተኛው ቤት የካሴ ነው። ካሴ ሽማግሌ ናቸው፤ በረዶው ከመታቸውም አንዱ ነበሩ።

«አያ ካሴ፣ እርስዎም ሰዉን ይፈራሉ?»

«አንች ልጅ፣ ልንገርሽ? ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አሉ?»

«በረዶው በመታኝ ማግስት ወረታ ገበያ ላይ ‹ምን አግኝቶህ ነው?› ቢሉኝ፣ ‹በአሥራ ስምንት ሳርም ውዬ ነዋ› አልኋቸው። ንዴት ነው። በአሥራ ሰባት ቢመታኝ አሥራ ሰባት እል ነበር። በሦስተኛው ቀን የይፋጉ አማቼ በስልክ ‹አንድ ሰው በአሥራ ስምንት ሠርቶ በረዶ ፈጀው አሉ፣ ሰምተሃል?› አይለኝም!»

«ታዲያ ‹እኔ ነኝ› አይሉትም ነበር?»

«አፈርኋ። ኋላ ሰዉ ሁሉ ሲያከብረው ባይ፣ ዝም ብዬ የተናገርሁት እውነት ይሆን እንዴ ብዬ ፈራሁ። እኔም አከበርሁ።»

«እንግዲያ ነገ ወጥተው ይንገሩልኛ!»

«እሱን እንኳ ተይኝ» ብለው ካሴ ወደ ቤት ገቡ።

በነጋታው ብቻዋን ወረደች። ሰዉ መንገዱ ዳር ወጥቶ ቆመ። የሚያየው እሷን አይደለም፣ ሰማዩን ነው። ረፋዱ ላይ ከሐይቁ በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ።

«ይኸው መጣ!» ብሎ ጮኸ ደስታው። «ውጭ አንች ሴትዮ! ማሳችንን ልታስፈጅው ነው?»

ይርገዱ ቀና አላለችም። ያን ጊዜ ካሴ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውኃው ውስጥ ገቡ። የገበያውን ወሬ አልተናገሩም፤ እስካሁንም አልተናገሩም። ከጎኗ ጎንበስ ብለው ማረም ብቻ ጀመሩ። ትሁን ካሴን አይታ ገባች። ትሁንን አይተው ሁለት ሰዎች ገቡ፣ እነሱን አይተው የቀሩት። ደስታው ከሁሉ ኋላ ገብቶ ከሁሉ በላይ «በርቱ!» እያለ ይጮህ ነበር። ደመናው ወረደ፤ ዝናብ ብቻ ነበር። ሙጃው ቀድሞ ከዋጠው ከዳሩ በቀር ሁለቱም ቃዳ በዚያው ቀን ታረመ። ይርገዱ የዓመት ቀለቧ ተረፈላት።

እንዳታመሰግኗቸው። ጠዋት ተያይተው ቀሩ፣ ረፋድ ላይ ተያይተው ገቡ። በመካከል ያሰበ የለም። አላምንም የሚለኝ መስከረም አሥራ ስምንትን ይስማ። ያን ቀን አገሩ ሁሉ ለሁለተኛው አረም ማሳ ወርዷል። ከሦስት ዓመት በፊት በወረደው በረዶ ሩዙ አንድ ሳይቀር ያለቀበት ዘሩ የሚባል ሰው ብቻ፣ ከልቡ ስለሚፈራ ቤቱ ዋለ። ደስታው ከውኃው መሐል ሆኖ ሰዉን ያስቃል።

«ዘሩ በረዶ ያከብራል! ዛሬም በአሥራ ስምንት የሚያምን ሞኝ አለ?»

ይርገዱ ቀና አለች። «ደስታው፣ አይሠራም ስትለኝ የነበርኸው አንተ አይደለህም? አሁን ይሠራል ያለህ ማነው?»

«ሰው።»

ይርገዱ በእጇ ያለውን ሙጃ ከዳር ወረወረች፣ እጇን ታጠበች፣ ከምሳዋ ግማሹን ቋጥራ ወደ ዘሩ ቤት ወጣች።