በከል ላይ የተደረበ ቀሚስ

ልጅ እያለሁ፣ አባቴ በሞተ ሰሞን፣ ለጥቂት ሳምንታት የእናቴ ዘበኛ ነበርኩ። ሥራዬ ላም በሚታለብበት ሰዓት የአጥራችን በር ላይ ቆሜ ሰው መምጣት አለመምጣቱን ማየት ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባለቤቴ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ስለ ልጅነቴ መስማት ይወድ ነበር፤ ይቺን ግን ሁልጊዜ እየዘለልኩ ነው ያወራሁለት። እሱ ከሞተ እነሆ ሰባት ወር ሆነው። ያን በር መልሳ ያሳየችኝ ደግሞ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ባለችው ቤታችን ውስጥ፣ አንዲት በቀቀን ናት።

ያመጣቻት ልጄ ህሊና ናት። «ማሚ፣ ቤቱ ጸጥ አለ። ፕሊስ፣ አንድ የሚንጫጫ ነገር ይኑርበት» ብላ፣ ባለቤት ያጡ ወፎች ከሚጠጉበት ቦታ ከነሽቦ ቤቷ ይዛት መጣች። ግራጫ ናት፣ ጅራቷ ብቻ ቀይ። ደረቷ ላይ ላባ የለም ማለት ይቻላል፤ ስትጨነቅ በገዛ አፏ እየነቀለች ትጥለዋለች። ከእኛ በፊት ሦስት ቤት ቀያይራለች አሉ። እዚያ ያሉት ሰዎች ለህሊና የነገሯትን እሷ ለእኔ አስጠናችኝ፦ ቀስ በይ፣ አፍጥጠሽ አትያት፣ እጅሽን ከላይ አታምጪባት።

ሁሉንም አደረግሁ። ገና የሳሎኑን በር ስከፍት ግን ወደ ጥጉ ትወረወርና ሽቦውን በክንፏ ትደበድበዋለች። መጀመሪያ እኔ ስወጣ ትበላ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ያንንም ተወች። ህሊና ስልክ ደውላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማሚ፣ ከዚህ በላይ ከከሳች እንመልሳት ብለዋል» አለችኝ። ለአራተኛ ጊዜ የተመለሰችን ወፍ ማን እንደሚወስዳት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። ሰው ቢሸሸኝ ምክንያቱን አገኝለት ነበር። ወፍ በገዛ ቤቴ ስትሸሸኝ ግን፣ ሞት የገባበትን ቤት ያወቀችው መሰለኝ።

የጆሃንስበርግ ብርድ ቤት ውስጥ ይብሳል። አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ስትሸሽ፣ ወፏ ላባ በሌለው ደረቷ ስትንቀጠቀጥ አየሁና አዘንኩላት። ትከሻዬ ላይ የነበረውን ትልቁን የከል ነጠላ አውልቄ፣ ይሞቃታል ብዬ፣ የሽቦ ቤቱ ላይ ጣል አደረግሁት። የሰማሁት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ስትጋጭ፣ ስትወድቅ፣ ስትነሳ፣ ነጠላውን እስክጎትተው ድረስ አንዱ ክንፏ ደምቶ ነበር። ነጠላውን ይዤ ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ጩኸቱ ወዲያው ቆመ። ተመልሼ በጥቁር ሹራቤና በጥቁር ቀሚሴ ከበሩ ስቆም እንደገና ጀመረች። የፈራችው ከሉን ነበር። ማን በጥቁር ልብስ ምን እንዳደረገባት አናውቅም።

ኩሽና ተቀምጬ ፊቴን በነጠላው ሸፍኜ አለቀስኩ። ነጠላውን የነከሩት የሠፈራችን ሴቶች ናቸው፤ የቀለሙ ሽታ ታጥቦም አልለቀቀውም። ያ መራራ፣ የተቀቀለ ሽታ ዱራሜ አጠገብ ወዳለው ግቢያችን፣ ወደ እንሰቱ ሥር ወሰደኝ።

እናቴ የነበሯት ሁለት ቀሚሶች ናቸው። አባቴ በተቀበረ ማግስት ለቀስተኞቹ የዘወትሩን ቀሚሷን በትልቅ ድስት ከጥቁር ቀለም ጋር ቀቀሉት። ቅጠሉ ዝናብ እያንጠባጠበ፣ ጭሱ ዝቅ ብሎ መሬት ለመሬት እየሄደ፣ እኔ ድስቱ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ቀሚሱ ሲጠቁር አየሁ። ሁለተኛው፣ ቢጫ አበባ ያለበት የበዓል ቀሚሷ፣ ሳጥን ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡሬ አልታለብም አለች።

ቡሬ አባቴ ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የገዛት ደንባራ ላም ነበረች። እያሻሸና እያባበለ ከእናቴ ጋር ያላመዳት እሱ ነው። እናቴ በከሉ ስትቀርባት አፍንጫዋን ትነፋለች፣ ትራገጣለች፣ ወተቷን ትይዛለች። የእናቴ ጡት ከሐዘኑ በኋላ ደርቆ ስለነበር ሕፃኗ እህቴ የምታድረው በዚያች ላም ወተት ነበር። በአራተኛው ቀን እህቴ ማልቀስ አቅቷት ማቃሰት ስትጀምር፣ እናቴ ሳጥኑን ከፈተች። አበባውን ቀሚስ በከሉ ላይ ደርባ ለበሰችና ጠራችኝ።

«ላሟ እኔ መሆኔን አላወቀችም» አለችኝ። «በሩ ላይ ቁሚልኝ። ሰው ካየሽ፣ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው እሽ እሽ በይ። እኔ አወልቀዋለሁ።»

ቡሬ ቀሚሱን ለረጅም ጊዜ አሸተተች። ከዚያ ወተቱ ዕቃው ውስጥ ሲወርድ ከበሩ ሆኜ ሰማሁ። እናቴም ለላሟ ታንጎራጉር ጀመር፤ ከቀብሩ በኋላ ድምጿን እንደዚያ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ማታ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት እቆም ነበር። እንዴት ያለ ኩራት ነበር! ከጓደኞቼ ሁሉ ምስጢር ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ማታ የጎረቤታችን ልጅ ቅልሞሽ ይዛ መጣች። አንድ ዙር ብቻ አልኩ፤ ተሸነፍኩና ሌላ ጨመርኩ። ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውሬ ልቀልባት እጄን ስዘረጋ፣ የአጎቴ ከዘራ በአጠገቤ አለፈ። እሽ እሽ አልኩ፤ ግቢያችን ውስጥ አንድም ዶሮ አልነበረም። እሱ ግን የላሟ ጉረኖ በር ላይ ደርሶ ነበር።

«አበባ?» አላት። «የወንድሜ አርባ ሳይወጣ አበባ?»

«ለላሟ ብዬ ነው» አለች እናቴ።

«ላም ደግሞ መች ጀምሮ ነው ልብስ የምታማርጠው?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ከቁጣው የከፋ ነበር። ከበሩ ሳይቀመጥ ተመለሰ። በማግስቱ ዘመዱ ሁሉ ሰማ። እናቴ ያን ቀሚስ አውጥታ ለአንዲት መንገደኛ ሰጠች። ቡሬ ነጠፈች፤ ገበያ ወጥታ አልተመለሰችም። እህቴ ጎረቤት ራርቶ በሚሰጣት ስኒ ወተት እየከሳች አደገች። እናቴ አንድም ቀን «የት ነበርሽ?» አላለችኝም። ብትመታኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ዓመቱ ሞልቶ ሌሎች ከላቸውን ሲያወልቁ እሷ አላወለቀችም።

እዚያ ኩሽና ውስጥ ይህን ሁሉ አስቤ ተነሳሁ። ህሊና ስታገባ ትታው የሄደችውን ቢጫ የቤት ጋዎን አገኘሁና በከሌ ላይ ደረብኩት። ከሽቦው ራቅ ብዬ፣ ጎኔን ሰጥቼ ተቀመጥኩና ለውዝ እየፈለፈልኩ መብላት ጀመርኩ። አልጮኸችም። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ወንበሬን አንድ ክንድ አስጠጋሁ፤ አንገቷን አስግጋ አየችኝ። ስምንት ቀን ያህል እሷ ከሳህኗ፣ እኔ ከእጄ ለውዝ በላን። ከዚያ አንድ ጠዋት ከጣቶቼ መሃል አንዷን ፍሬ መንጭቃ ሸሸች። ሌላ ሳምንት ከረመችና፣ የሽቦ ቤቷን በር ስከፍትላት፣ እጄ ላይ ወጣች። እግሯ ቀዝቃዛ ነው፤ ጣቷ ጣቴን ጨምድዶ ሲይዝ ክብደት የላትም።

የባለቤቴ እህት ብርቄ የመጣችው በዚያ ሰሞን፣ እሑድ ከሰዓት ነው። ጀፕስታውን በሚባለው ሠፈር ብርድ ልብስ ትሸጣለች፤ የቤታችን ቁልፍ አላት፣ አታንኳኳም። ለወንድሟ ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳለች። ወፏ ከእጄ ላይ ተነስታ መጋረጃው ላይ ተንጠለጠለችና ጩኸቷን ለቀቀችው።

«አንቺ ሴትዮ!» አለች ብርቄ። «ቢጫ?»

«እቴ ብርቄ፣ ጥቁር ትፈራለች። ለእሷ ብዬ ነው።» በአፌ የወጣው የእናቴ ቃል ነበር።

«ወንድሜን ሰባት ወር አዝነሽለት፣ ለወፍ ብለሽ አወለቅሽ?»

«አላወለቅሁም።» ጋዎኑን ከደረቴ ገልጬ ከሥሩ ያለውን አሳየኋት።

ዓይኗን ከከሉ ወደ ወፏ መለሰች። ወፏ ከመጋረጃው ላይ ሆና ከደረቷ አንድ ላባ ነቀለች፤ ላባዋ እየተንሳፈፈች መሬት ላይ አረፈች።

«ራሷን ነው የምትነጨው?» አለች ብርቄ።

«ስትጨነቅ።»

ብርቄ ወደ ኋላ እየሄደች ኩሽና ገባች። ወንበር ስትጎትት፣ ውኃ ስትጥድ ሰማሁ። «በይ እዚሁ ሆኜ አወራሻለሁ» አለች ከግድግዳው ማዶ። «ይሄው ወንድሜ ሄዶ ከግድግዳ ጋር የምጫወት ሆንኩ! ዝም አለች?»

«ዝም ብላለች።»

እስኪመሽ ድረስ እንዲያ አወራችኝ፤ ብርድ ልብሱን ተኝቼ ካልሞከርኩት አልገዛም ስላለቻት ደንበኛዋ፣ በመጨረሻም ስለ ወንድሟ። ሁለታችንም አለቀስን፣ እሷ በወዲያ እኔ በወዲህ። ልትወጣ ስትል በበሩ ስንጥቅ፣ «ለሙት ዓመቱ ግን ወፊቱን ጓዳ አስገቢያት» አለች። «ያን ቀን የሚመጣው ሁሉ ጥቁር ለባሽ ነው።»

ያኔ አጎቴ እንደዚህ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ምን ነበረበት እላለሁ። እናቴ እስከ መጨረሻዋ ጥቁር እንደለበሰች ሞተች፤ እኔ እዚህ ሆኜ አልቀበርኳትም። ወፏ ትናገራለች ብለውን ነበር፤ እስካሁን ምንም አላለችም። ደረቷ ላይ ሁለት አዳዲስ ላባዎች ብቅ ብለዋል፤ ነገ ትነቅላቸው ይሆናል። ማታ ማታ ጋዎኑን አውልቄ ሳንጠለጥል፣ ሰው የመጣ እየመሰለኝ አሁንም ወደ በሩ አያለሁ። በሩ ላይ የሚቆምልኝ ማንም የለም። እናቴ ግን የምትቆምላት አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ያቺ ልጅ ቅልሞሽ ትጫወት ነበር።