የጋሼ ስድስት አምባዞች

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ፣ ሀዋሳ ቤታቸው ውስጥ፣ በመስታወት ገንዳ የሚኖሩ ስድስት ትንንሽ አምባዞች ነበሯቸው። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ሳያሳድሩ አይጨምሩላቸውም። «እነዚህ ተለያይተው ምግብ አይቀምሱም» ይሉን ነበር።

«ጋሼ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሲጠበስ የሚበሉት ዓሣ እንዲህ ያስጨንቅዎታል?» ብዬ እስቅባቸው ነበር።

ጋሼ አርፈው አርባቸው ካለፈ በኋላ እህታችን፣ ታናሽ ወንድማችንና እኔ ለማስታወሻ ብለን ዓሦቹን ሁለት ሁለት ተካፈልን። የእኔዎቹ ድንጋይ ሥር ገብተው ሦስት ቀን ምግብ አልነኩም። በባልዲ አድርጌ በባጃጅ ወደ ጋሼ ቤት ብመልሳቸው፣ እህታችን ቀድማኛለች።

«ያንተዎቹም እምቢ አሉ?» አለችኝ።

ታናሻችንም የራሱን ይዞ ደረሰ። ስድስቱ እንደተገናኙ አሸዋውን እየጫሩ መብላት ጀመሩ። ሦስታችንም ቆመን አየናቸው፤ ገንዳው ፊት ለፊት ባለው የጋሼ ወንበር ላይ ማናችንም አልተቀመጥንም።