የቨርዲ የመጨረሻ ባልዲ

ቴዎጄን ኤበር ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንድ ውድ ንብረት ብቻ ነበረው። ጀልባው እንዳትሉኝ፤ ጀልባውማ ያፈሳል። ፍሪዘሩ ግርጌ የተቀመጠች የቫኒላ አይስክሬም ባልዲ ናት። ቫኒላ የለባትም። እኛ የሉዊዚያና ረግረግ ዳር ካጁኖች፣ የጥንት ፈረንሳዮች ልጆች፣ የአይስክሬም ባልዲ መጣል በዘራችን የለም። አይስክሬሙ ሲያልቅ ነው ባልዲው ሥራ የሚጀምረው። የተረፈ ጋምቦ፣ ያ ወፍራሙ ወጣችን፣ ይቀመጥበታል፣ የሽሪምፕ ጭንቅላት ይቀመጥበታል፣ ምስማርም ይቀመጥበታል። ክዳኑ ላይ በውስጡ ያለውን የሚጽፍ ሰው ግን የለም። የቤቱ ሴት ታውቀዋለች፣ በቃ።

ቨርዲ ታውቅ ነበር። ቨርዲ ደግሞ የለችም።

የቀበሯት ዕለት ፍሪዘሩ በእጇ ሥራ ጢም ብሎ ነበር። ቴዎጄን ክረምቱን ሙሉ አንድ በአንድ እያወጣ፣ እያሞቀ፣ ቴሌቪዥን እያየ በላ። የመጨረሻዋ ባልዲ ስትቀር እጁ አልታዘዝ አለው። የክዳኗን በረዶ በእጅጌው ጠረገና መልሶ አስቀመጣት። ከዚያ ወዲያ ኑሮው የቆርቆሮ ባቄላ ሆነ። ማታ ማታ ፍሪዘሩን ከፍቶ «ደህና እደሪ» ይላት ነበር። ሰውዬው እብድ አልነበረም፤ ባል ነበር።

የባቄላውን ወሬ ሂውስተን ድረስ ለልጁ ለኤርሊን ያደረሰችው ጎረቤቱ አዜሊ ናት፣ የቨርዲ ታናሽ እህት። አዜሊ ምሥጢር ያዘች ማለት ወንፊት ውኃ ያዘ ማለት ነው። ኤርሊን ወዲያው ደወለች።

«አባባ፣ ለስቅለት መጥቼ እወስድሃለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደ እኔ ነዋ! ምግብ የማይሠራ ሰው እንዴት ብቻውን ይኖራል?»

«ማን ነው የማይሠራው?»

«እንቁላል ስትቀቅል ድስት አቃጥለሃል እኮ!»

«ድስቱ አሮጌ ስለነበረ ነው።»

«እሺ በቃ። ስመጣ አንድ ደህና ምግብ በእጅህ ሠርተህ አብላኝ። ያኔ አፌን እዘጋለሁ። ካልሆነ ሻንጣ ነው።»

ቴዎጄን ስልኩን ዘግቶ ደጃፉ ላይ ያለውን ወንዝ አየ። እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ አግብቶ፣ እዚህ ቀብሯል። ሂውስተን ውስጥ ሸርጣን የሚገኘው በመስታወት ሣጥን ነው አሉ። እዚያ ሄዶ ምን ሊሆን ነው?

ሲያስብ ሰንብቶ አንድ መላ መጣለት። የቨርዲን ባልዲ ያቀልጣል፣ ትኩስ ሽሪምፕና ሸርጣን ይጨምርበታል፣ «እኔ ነኝ የሠራሁት» ይላል። ቨርዲ ባለፈው ጾም የሠራችው ሥጋ የሌለው ጋምቦ እንደሆነ እርግጠኛ ነበር፤ በእኛ ጾም ሽሪምፕና ሸርጣን አይከለከልም። ቤቱን ለማዳን የመጨረሻዋን ማውጣቱ ነው። «ይቅር በይኝ፣ አንቺም ብትሆኚ ይህንኑ ታደርጊ ነበር» አላትና በስቅለት ማለዳ አውጥቶ እንድትቀልጥ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጣት። ከዚያ የሸርጣን ወጥመዶቹን ሊያነሳ በሚያፈሰው ጀልባ ሄደ።

ሲመለስ ሸርጣኑ ባልዲ ሙሉ፣ ከአጎራባች ጀልባ ያገኘው ሽሪምፕ ደግሞ ገና የሚዘል። አዜሊ ወጥ ቤት ገብታ ጠበቀችው። ከትናንት የተረፈ የድንች ሰላጣና ከረቡዕ የተረፈ የተጠበሰ ባሚያ ይዛለች። ባልዲዋንም ከፍታታለች። አፍንጫዋን ይዛለች።

«ቴዎ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የቨርዲ ጋምቦ ነው! አትንኪው!»

«ና፣ ና እየው እስቲ።»

አየ። የዶሮ አንገት ነው። ባለፈው በጋ ለሸርጣን ማባበያ ብሎ በገዛ እጁ አጭቆ ያስቀመጠው፣ ያኔም የሸተተ፣ አሁን ደግሞ የባሰበት የዶሮ አንገት!

አዜሊ ሳቀች። መቆም አቅቷት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ወይኔ እህቴን! በመስኮት ስሰማህ የከረምኩት፣ ለዶሮ አንገት ነው እንዴ ደህና እደሪ ስትል የነበረው? በስቅለት ደግሞ ዶሮ!» ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋ ቆመ።

«ታዲያ የእሷ የት ሄደ?» አለ ቴዎጄን።

«በልተኸዋላ! አንዱን ማታ፣ ኳስ እያየህ፣ ሳታውቀው ጨርሰኸዋል።»

«የመጨረሻዋ መሆኗን ሳላውቅ?»

«ሳታውቅ። ደግሞ ምን አለበት? እንድትበላው ነው የሠራችልህ፤ እንድትሳለመው አይደለም።»

ቴዎጄን መዳፉን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። መሃል ላይ «ደህና እደሪ» ያለው ትዝ ሲለው ደግሞ ሳቁ አመለጠው። ሁለቱም አንድ ላይ መጡበት።

«ተወው፣ እኔ ልሥራልህ» አለች አዜሊ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ልጅቷ ከሰዓት ትደርሳለች።»

«አይሆንም። አንቺ ተቀመጪ።»

«እሺ፣ እቀመጣለሁ። አፌ ግን አይቀመጥም።»

አልተቀመጠምም። የጋምቦ ነፍሱ ቁሌቱ ነው፤ ዱቄት በዘይት፣ የቡና መልክ እስኪይዝ፣ ያለ ዕረፍት ማማሰል። ከቁሌት ላይ ዞር አይባልም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ እያማሰሉ ነው የሚጮኹት። ቴዎጄን ጥሩ እያማሰለ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ኤርሊን ናት፣ ከመንገድ። «አዎ የእኔ ልጅ፣ እየሠራሁ ነው፣ ቀላል ነገር ነው» እያለ ለድስቱ ጀርባውን ሰጠ።

«ቴዎ!» አለች አዜሊ።

ጥቁር ነጠብጣብ ብረት ድስቱን ሞልቶታል።

«ትንሽ ነው እኮ ያረረው።»

«ያረረ ቁሌት ሽማግሌ ልከህ አይታረቅም። ድፋው!»

ደፋው። የዱቄቱን ጣሳ ግርጌ በማንኪያ ፍቆ ያገኘው ለግማሽ ድስት እንኳ የሚበቃ አልነበረም። በዚህኛው ጊዜ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ገና ወርቅማ እያለ ፈራና ሽንኩርቱን፣ ሰለሪውንና ቃሪያውን ወረወረበት።

«ገረጣ!» አለች አዜሊ።

«ከመሞት መሰንበት» አለ ቴዎጄን።

የሽሪምፑን ጭንቅላትና ቅርፊት ለብቻ ቀቅሎ ውኃውን አጥልሎ ጨመረ። ቀጠነ። ወንዙን ይመስል ነበር፣ ከወንዙ የሚለየው ጀልባ ስለሌለበት ብቻ ነው። ቴዎጄን ወጥ ቤቱን ሲቃኝ ዓይኑ የአዜሊ ባሚያ ላይ አረፈ።

«ያንን ስጪኝ።»

«የእኔን ባሚያ? እሱ እኮ ለራት...»

«አዜሊ!»

«እንካ፣ እንካ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።»

ባሚያው መረቁን ያዘው። ሸርጣኑ ተሰብሮ ገባ፣ ሽሪምፑ መጨረሻ ላይ። ሩዙ ከአዜሊ ቤት የመጣ የትናንት ነው፤ ውኃ ረጨበትና በእንፋሎት አስነሳው። ኤርሊን በሩን ስትከፍት ቴዎጄን ድስቱ ላይ ቆሞ፣ ሸሚዙ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ይጠብቃት ነበር።

ቦርሳዋን አስቀመጠች። ተቀመጠች፣ የድንች ሰላጣውን እንደ እናቷ ሳህኑ መሃል ላይ ጣል አድርጋ፣ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። እሷ ሸርጣኑን መጠጠች፣ ጣቷን ላሰች፣ ወደ አክስቷ ዞረች።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው።»

«እኔ?» አዜሊ ከወንበሯ ተነሳች። «እኔ ብሠራው እንዲህ ይገረጣል? ጨዉን አታዪም? ባሚያውስ፣ ለጋምቦ ነው ለቀብር የበዛው? እኔን በዚህ ትጠረጥሪኛለሽ? እህቴ ብትሰማ ከመቃብር ትነሳለች!»

ኤርሊን አባቷን አየች። እንዲህ ያለ ስድብ የሐሰት ሊሆን አይችልም። ሳህኗን ዘረጋች። «ጨምርልኝ።»

ሦስተኛውን ሳህን ስትጨርስ «ከእማዬ የተረፈ ነገር የለም?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። የባልዲዋን ነገር ነገራት። የዶሮ አንገቱ ጋ ሲደርስ ሳቀች፣ ደህና እደሪው ጋ ሲደርስ ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ ጥላ አለቀሰች። አዜሊ ዕቃ የምታጥብ መስላ ጀርባዋን ሰጠች።

ድስቱ ውስጥ ትንሽ ቀርቷል። ኤርሊን ያቺኑ የቫኒላ ባልዲ ታጥባ፣ በሎሚም ታሽታ፣ ተደፍታ አገኘቻት። የቀረውን ገለበጠችባትና ከቦርሳዋ ወፍራም እስክሪብቶ አወጣች። በዚያ ቤት ክዳን ላይ ሲጻፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፦ «አባባ የሠራው ጋምቦ። ለሸርጣን አይደለም።»

«ለመንገድ ነው?» አለ ቴዎጄን።

ኤርሊን ክዳኗን ጫን አድርጋ ገጠመች። ፍሪዘሩን ከፍታ ባልዲዋን ግርጌው፣ ድሮ የነበረችበት ቦታ አስቀመጠችና ዘጋችው።

«እንዳትነካብኝ፤ ለእኔ ናት። ስመጣ እበላታለሁ።»

«የት ስትመጪ?»

«የት ይሆናል አባባ? እዚህ ነዋ!»