ቅድሚያ ለእሷ

ፈሪ ለእናቱ ይላሉ። ፈሪዋ ራሷ እናት ስትሆን ለማን እንደምትሆን ግን የነገረኝ የለም። ገና በሦስት ዓመቴ ቀኝ እግሬን ልምሻ ወስዶብኝ በሁለት ክራንች ስለምሄድ፣ የደብረ ማርቆስ ሰው ጠንካራ ናት ይለኛል፤ እኔም ምን ቸገረኝ፣ ዝም ብዬ እቀበላለሁ። እውነቱን ካወራን እርጥብ ሲሚንቶ እፈራለሁ። መደገፊያ የሌለው ደረጃ እፈራለሁ። ከኋላዬ የሚሮጥ ተማሪ እፈራለሁ፤ አስተማሪ ሆኜ እንኳ። ከሁሉ የባሰ የምፈራው ግን አጉል ደግ ሰው ነው፤ ይህን ያስተማረኝ ደግሞ አንድ ሽክርክሪት ነው።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መስቀል ሰሞን፣ ከአዲስ አበባ ተጓዥ መዝናኛ መጥቶ ኳስ ሜዳው ላይ ሰፈረ። ጉድ ነው የተባለው። ከሉማሜ፣ ከደብረ ኤልያስ ሳይቀር ሰው በአውቶቡስ እየተጫነ ይመጣ ነበር። ከሁሉም በላይ ሰው የሚያንጋጥጠው ሰው አስቀምጦ ወደ ላይ የሚያዞረውን ባለ ስምንት ወንበር ትልቅ ሽክርክሪት ነው። አናቱ ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ ጋር እኩል ነበር።

ልጄ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ጉንደ ወይን ይሠራ ስለነበር በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው የሚመጣው። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የማን እናት ማንን ይዛ እንደወጣች ትነግረኛለች፤ እኔ ደግሞ እንዳልሰማ እሆናለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ጸጉሯን እየሠራሁላት፣ "እማዬ፣ አንቺ እግርሽን ስለሚያምሽ ግድ የለም፤ እኔ ከታች ሆኜ አያለሁ" አለችኝ። ብታለቅስ እምቢ እላት ነበር። እሷ እቴ፣ አንጀቴን በላችው።

እኔ አዲስ ቦታ ዝም ብዬ አልሄድም። ቀድሜ ብቻዬን ሄጄ እሰልላለሁ፤ ደረጃው ስንት ነው፣ የሚያዝ ነገር አለው ወይ፣ የት ይቀመጣል። ዓርብ ከሰዓት ሄጄ ባለ ሽክርክሪቱን አነጋገርኩት። እጁ በግራሶ የጠቆረ ቀጭን ሰው ነው። ስገባ ጨርሶ ታቆመዋለህ? ወንበሩ ይወዛወዛል? ክራንቼን ማን ይይዝልኛል? እያልኩ ጠየቅኩት። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው እንዳልነበረ ያስታውቃል፤ ጭንቅላቱን አከከ። ግን ሰውየው ጨዋ ነው፤ አንድ በአንድ መለሰልኝ። አጥብቆ ያቆመዋል፤ እስክቀመጥ ወንበሩን በሁለት እጁ ይይዘዋል። ክራንቹ ግን ከላይ ቢወድቅ ሰው ስለሚገድል እሱ ጋ መቅረት አለበት። ይቺን አልወደድኳትም። ክራንቼን ለማላውቀው ሰው ሰጥቼ አላውቅም።

ቀጥሎ የነገረኝ ነገር ነው ዋናው። ሰው የሚገባው አንድ አንድ ወንበር ወደ ላይ እየገፋ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የገባ ሰው ሌላው እስኪሞላ አናት ላይ ይቆያል፤ መጨረሻ የገባ ግን መሬት አጠገብ ነው። "አንቺን መጨረሻ ነው የማስገባሽ፣ እህቴ። አንድ ነገር ቢፈጠር እጄ ላይ ነሽ" አለኝ። ተስማማን። ለእግሬ ይህን ያህል አስቦ የመከረኝ ሰው ከዚያ በፊት አልገጠመኝም።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ልጄን ይዤ ሄድኩና የሰልፉ ጭራ ላይ ቆምን። እዚያው ፊት ለፊታችን የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ አንድ የኔታ ነበሩ፤ ነጭ ጥምጥም፣ ጥሩ ሰው። ዞር ሲሉ ክራንቼን አዩ። ይቺ ልጅ እንዲህ ቆማ እኛ ልንቀድማት ነው ወይ ብለው ሰልፉን ተቆጡት። "ቅድሚያ ለእሷ!" አሉ። ሰልፉም እንደ በር ተከፈተ።

እኔም የኔታ ግድ የለም፣ ኋላ ነው የምገባው፣ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረናል አልኳቸው። ግን እኛ አገር እምቢ ማለት መቼ እምቢ ማለት ሆኖ ያውቃል? በቃኝ ሲሉት የሚያጎርስ ሕዝብ ነው። እምቢታዬን ይሉኝታ ነው ብለው ቆጠሩት፤ እንዲያውም ጨዋ ናት ብለው ይበልጥ ገፉኝ። ባለ ሽክርክሪቱ ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ ይመልሳቸው ነበር። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ አፈርኩና አቀረቀርኩ። ጥፋቱ የኔም ነው፤ አልክድም።

ከሁሉም ቀድመን ገባን፤ ባለ ሽክርክሪቱ ክራንቼን ተቀበለኝ፣ ከደረታችን ፊት መከለያ ብረቷን ዘጋ። አንድ ወንበር ወደ ላይ፣ ሰው ገባ፤ ሌላ ወንበር ወደ ላይ፣ ሰው ገባ። አምስተኛው ወንበር ላይ አዲስ ሙሽሮች ሲገቡ እኛ አናቱ ላይ ደረስን። ያን ጊዜ መብራት ሄደ። ሽክርክሪቱ ባለበት ቀረ፤ ዘፈኑም መሀል ላይ ቀጥ አለ።

መጀመሪያ የሰማሁት ነፋሱን ነው። ወንበሩ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጤነኛ ሰው በሁለት እግሩ ተጭኖ ይቀመጣል፤ የኔ ቀኝ እግር እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠልጥሏል። በግራ እግሬ ተጫንኩ፣ በአንድ እጄ ብረቷን፣ በሌላው የልጄን ክንድ ያዝኩ። እሷ ቤታችንን አየሁት እያለች ደስ ብሏታል። ከዚያ ዞር ብላ ፊቴን አየች።

"እማዬ፣ ፈራሽ እንዴ?"

አልፈራሁም አልኳት። በልቤ ግን ብንሸራተት ብረቷን ልልቀቅ ወይስ ልጄን እያልኩ አስብ ነበር። ብረቷን ከለቀቅኩ ሁለታችንም እንሄዳለን። እሷን የምለቅ ከሆነ ደግሞ ለምን በሕይወት እወርዳለሁ? እመቤቴ ሆይ፣ ሁለቱንም አታስለቅቂኝ እያልኩ ለመንኩ።

ከታች ባለ ሽክርክሪቱ ይለምናል። አትንኩት፣ በፍሬኑ እየያዝኩ ወደ ኋላ አንድ በአንድ አወርዳቸዋለሁ፣ ከታች ነው የሚጀመረው ይላል። ማን ሰምቶት። የኔታ ጋቢያቸውን አገልድመው፣ አካል ጉዳተኛዋ ተንጠልጥላ ጤነኛው ይወርዳል ወይ፣ ነውር አይደለም ወይ ይላሉ። ሙሽሮቹ ደግሞ መሬቱ እግራቸው ሥር ሆኖ፣ እሷ ሳትወርድ አንወርድም ብለው ድርቅ አሉ። አምስት ስድስት ጎልማሳ ባዶዎቹን ወንበሮች ጨብጦ፣ እኔን በዚያ በኩል ለማውረድ ጎተተ።

ትንሽ ሄደ። ከዚያ ሰው የተቀመጠበት ጎን ከበዳቸውና ከእጃቸው አመለጠ። ሽክርክሪቱ ወደ ኋላ ተፈተለከ፤ ፍሬኑ ጮኸ፤ አልያዘም። ወገቤ ከወንበሩ ተንሸራተተ፤ የልጄ ጫማ ወርዶ ሜዳው ላይ ተፈጠፈጠ። ነፍሴ ጥላኝ ሄደች። ድንገት ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ሁሉም ቆመ። ያን ድምፅ ከላይ ሆኜም አወቅኩት፤ ክራንቼ ነው። ባለ ሽክርክሪቱ ሲጨንቀው አንዱን አንስቶ በብረቶቹ መሀል ሰንቅሮታል። እንጨቱ ወይራ ባይሆን ኖሮ እኔም ዛሬ ይህን አልጽፍም።

ሰዎቹ እንደገና ወንበሩን ሊጨብጡ ሲጠጉ አየኋቸው። ያኔ ሰባ ተማሪ ዝም የማሰኝበት ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ መጣ።

"ቅድሚያ አልፈልግም! እጃችሁን አንሱ! ከታች ጀምሩ!"

የኔታ እጃቸውን አነሱ፤ ሌላውም ተከትሎ አነሳ። ሙሽሮቹ አንገታቸውን ደፍተው ወረዱ። ባለ ሽክርክሪቱ ክራንቹን ይነቅላል፣ አንድ ወንበር ወደ ኋላ ይለቃል፣ መልሶ ይሰነቅራል። በነቀለ ቁጥር እሞታለሁ፣ በሰነቀረ ቁጥር እተነፍሳለሁ። ከሁሉም በፊት ገብተን ከሁሉም ኋላ ወረድን።

ሊሸከሙኝ የተዘረጋ እጅ ብዛቱ! ክራንቼን ብቻ ስጡኝ አልኩ። አንዱ ክራንች አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል። የኔታ ቀርበው፣ "ልጄ፣ በደግነት ልገድልሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ" አሉኝ። ለአባት የሚመለሰውን መልስ አውቃለሁ። ምላሴ አልታዘዘልኝም እንጂ። "ነግሬዎት ነበር፣ የኔታ" ብቻ አልኳቸው። በኋላ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ተባብለናል።

በማግስቱ ልጄን ሳጥባት ክንዷ ላይ አምስት ጣቴን አየሁት። ጠቁሯል፤ አውራ ጣቴ በአንድ በኩል፣ አራቱ በሌላ። ደንግጬ ያምሻል ወይ አልኳት። ትንሽ አለች። ሰኞ ረጅም እጅጌ አልብሼ ትምህርት ቤት ይዣት ሄድኩ።

በእረፍት ሰዓት የክፍሏ አስተማሪ፣ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ ለብቻዬ ጠራችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የልጅሽን ክንድ አየሁት፣ ቤት ውስጥ የሚመታት ሰው አለ እንዴ አለችኝ። እኔ ነኝ ልበላት? እንዴት ብዬ ላስረዳት? ልጄ በሩ ላይ ቆማ ሰማችን። የለበሰችውን ረጅም እጅጌ እስከ ትከሻዋ ጠቅልላዋለች፤ ለካ ከጠዋት ጀምራ ለጓደኞቿ ስታሳይ ነው የቆየችው።

"ማንም አልመታኝም" አለቻት። "እማዬ ሳትለቀኝ የቀረችበት ነው።"