ሰው ለይቶ የሚያውቀው የሙአመር ድመት

በሰው አገር፣ ኡስኩዳር የሚባል የባሕር ዳር ሰፈር ልብስ ስፌት ቤት ስሠራ የሙአመር ፀጉር ቤት ፊት ለፊታችን ነበር። ፀጉሬን የሚቆርጠኝ እሱ ነው፤ ከፀጉሬ ይልቅ ግን ስለ ድመቱ እያወራ ጆሮዬን ነው የጨረሰው። የቀረውን ሚስቱ ነዚሄ ቀሚስ ልታሳጥር ስትመጣ፣ ልጃቸው ሰርፒልም እየሳቀች ነግረውኛል። መጻፍ ብዙም አልችልበትም፤ እንደሰማሁት ልንገራችሁ።

ሙአመርን ሰፈሩ «ኡስታ» ነው የሚለው፤ እዛ አገር ለባለሙያ የሚሰጥ ክብር ነው። መቀሱ ያመጣለትን ክብር ምላሱ ይወስድበታል እንጂ። ድመቱን ቃዲ ብሎ የሰየመው ሰው ላይ ይፈርዳል ብሎ ነው። ነጭ፣ ጥቁርና ብርቱካንማ የተቀላቀለበት፣ መስኮት ላይ ተቀምጦ መንገደኛውን ሁሉ የሚገላምጥ ድመት ነው።

«ሰው ሲገባ የሱን ዓይን አላይም። የቃዲን ዓይን ነው የማየው» ይላል ሙአመር፣ ምላጩን የደንበኛው ጉሮሮ ላይ እንደያዘ። እንዲህ ተይዞ ማን ይከራከረዋል?

አንድ ቀን ቃዲ የአንድ እንግዳ ጭን ላይ ወጥቶ ተኛ። ሙአመር ሰውየውን እዛው በረዳትነት ቀጠረው። ሰውየው ሳምንት ሳይሞላው የፀጉር ማሽኑን ይዞ ጠፋ። ጎረቤቱ ዓሣ ሻጩ በድሪ፣ በር ላይ ቆሞ ሙአመርን ጠየቀው።

«ኡስታ፣ ቃዲህ ጉቦ በላ እንዴ?»

«አንተ ዓሣ እንጂ ነገር አይገባህም። ጭኑ ላይ ለምን የተቀመጠ ይመስልሃል? እንዳይሄድ ሊይዘው ነበር እኮ። እኔ ነኝ ያልገባኝ።»

እንዲህ ነው። ድመቱ ልክ ሲሆን ድመቱ አወቀ፤ ሲሳሳት ሙአመር ነው የተሳሳተው።

ብልጥስ ብልጥ ነበር። ጠዋት ነዚሄ ጋ አይብ ይበላል፣ ረፋድ ላይ የፋርማሲዋ ሴትዮ ጋ ወተት ይጠጣል፣ ከሰዓት በድሪ ጋ የዓሣ ጭንቅላት አለው። በየቤቱ ሌላ ስም ወጥቶለታል፤ በሁሉም ሲጠሩት አቤት ይላል። ሙአመር ግን ድመቱ ከሱ እጅ በቀር የማይበላ ነው የሚመስለው።

በየዓመቱ ብርዱ ሲያልቅ ገደማ ቃዲ ለሳምንታት ይጠፋል። «ጥሞና ይዞ ነው» ይላል ሙአመር። ከስቶ ሲመለስ፣ «አያችሁ? ጸሎት ነው ያከሳው» ይላል። ከመጥፋቱ በፊት የሚወፍረውስ? «ነገር በሆዱ ይይዛል። እንደናንተ አይዘከዝክም።»

ይሄ ሁሉ ሰርፒልን ያስቃት ነበር፣ ልጃችሁን ስጡን የሚል እስኪመጣ ድረስ። መጀመሪያ የመጣው ድመት አጠገብ ሲሆን የሚያስነጥሰው አስተማሪ ነው። አስነጠሰ፣ ቃዲ ደንግጦ ወጣ፣ ሙአመርም «ልጁ ሆዱ ንጹህ አይደለም» ብሎ ሽማግሌዎቹን መለሰ። ያኔ ሰርፒል አልከፋትም፤ አስተማሪውን አልወደደችውም። አሁን ግን የምትወደው ሊመጣ ነው። ኦርቹን ይባላል፣ መርከብ ወደብ ሲጠጋ ማሰሪያ ገመዱን የሚወረውር ሠራተኛ ነው። ችግሩ፣ ፀጉሩን ሊቆረጥ ገብቶ የቃዲን ጅራት ረግጧል፤ ቃዲም ጥርሱን አሳይቶታል።

«አባዬ፣ ስለረገጠው እኮ ነው» አለች ሰርፒል።

«ጥሩ ሰው የሚረግጠውን አያይም? እሁድ ይምጡ። ቃዲ ከታረቀው እሺ። ካልታረቀው ገመዱን ሌላ ቦታ ይወርውር።»

ሰርፒል ኩሽና ገባች። ነዚሄ ሩዝ በወይን ቅጠል እየጠቀለለች ነበር።

«እማዬ፣ ምን ይሻለኛል?»

«አባትሽን እመልሳለሁ ብዬ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ድመቱ ይቀልሻል» አለች ነዚሄ። «ሰሞኑን የት እንደሚተኛ አይተሻል?»

አይታለች። ቁም ሳጥኑን እየቧጠጠ ይከፍትና ታች ጨለማው ውስጥ ልብስ ቆፍሮ ይተኛል። ነዚሄ ሌላ ነገር ልትጨምር አፏን ከፈተች፤ ከዛ ተወችውና ቅጠሏን ጠቀለለች።

እሁድ ኦርቹን ከእናቱና ከአጎቱ ከሳቢት ጋር፣ አበባና ቸኮላት ይዘው መጡ። ብርድ ነበር። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፣ እንደ ወጉ ካፖርታቸውን የተቀበለችው ሰርፒል ናት። የእናቱንና የአጎቱን ሰቀለች። የኦርቹንን ቁም ሳጥኑ ታች አነጠፈችና በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ድመቱ ካፖርቱ ላይ ተኝቶ ቢገኝ አባቷ ምን ይላል?

ቡና ቀረበ። በነሱ ወግ፣ ትዕግሥቱን ለማየት ለጠያቂው ልጅ ቡና ውስጥ በስኳር ፈንታ ጨው ነው የሚደረገው፤ ኦርቹን ፊቱን ሳያጨማድድ ጨለጠው። ሳቢት ቀና ብሎ «በአላህ ፈቃድ፣ በነቢዩም ቃል፣ ልጃችሁን ለልጃችን» አለ።

ሙአመር ጉሮሮውን ጠረገ። «ቃዲ ይምጣ።»

«የምን ቃዲ? ኒካሁ ዛሬ ነው እንዴ?»

«ድመቱን ማለቱ ነው» አለች ነዚሄ፣ መሬት መሬት እያየች።

ሳቢት ኦርቹንን አየው። ኦርቹን ምንጣፉን አየ።

ተጠራ፣ ቃዲ የለም። ሙአመር በደረቱ ተኝቶ ሶፋ ሥር ገባ። እንግዶቹ የሚያዩት የተቀደደ ካልሲውን ብቻ ነው። «እምቢ ሲል ነው የሚደበቀው» የሚል ድምፅ ከሶፋው ሥር መጣ። «ይቅርታ አድርጉልን፣ ልጁን አልተቀበለውም።»

ኦርቹን ሊነሳ ተመቻቸ። ሰርፒል ወደ ሶፋው ጎንበስ አለች። «አባዬ» አለች፣ «ቁም ሳጥኑን እየው።»

ሁሉም ተከትለው ገቡ። ቃዲ የኦርቹን ካፖርት ላይ ተጋድሟል። ሆዱ ሥር አራት እርጥብ የድመት ልጆች እየተጋፉ ይጠባሉ።

ቀድሞ የተናገረው ሳቢት ነው። «ኡስታ፣ ቃዲህ ወልዷል።»

ሙአመር ተንበርክኮ አየ። እንደገና አየ። ሰውን ሁሉ በድመት ዓይን ሲያይ የኖረ ሰው፣ ድመቷን ራሷን አንድ ቀን አላያትም።

«ነዚሄ፣ ታውቂ ነበር?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከጥሞናዋ በተመለሰች ቁጥር የፋርማሲዋ ሴትዮ የድመት ልጅ ታድል የለ?»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ? አንተ የምትጠይቀው ድመቱን ነው።»

ሰርፒል የአባቷን ማጅራት ታያለች። አይሆንም ቢል ድመቷ ምንም አታውቅም ማለት ነው፤ ይሄን ከሚል ደግሞ ሱቁን ቢዘጋ ይመርጣል።

«ይሄ ሁሉ ካፖርት እያለ» አለ ሙአመር፣ «የሱን መረጠ።»

«መረጠች» አለች ነዚሄ።

«መረጠች። እሷ ልጆቿን ካመነችው፣ እኔም ልጄን አምኜዋለሁ።»

ኦርቹን ያለ ካፖርት፣ እየተንቀጠቀጠ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰርፒል ካፖርቱን ማን እንዳነጠፈው ለአባቷ አልነገረችም። እኔም የጻፍኩት ሙአመር አማርኛ ስለማያነብ ነው። እሱ ዛሬ «ሴት ናት ብዬ ድሮም ጠርጥሬ ነበር፣ ወንድ እንዲህ አያውቅም» ይላል፣ ምላጩን እንደያዘ።

ኡስኩዳር ከደረሳችሁ እባካችሁ ጎራ በሉላቸው። ፀጉር ቤቱ ከዓሣ ሻጩ ቀጥሎ ነው፤ ድመቷ መስኮቱ ላይ አለች። ጭናችሁ ላይ ከወጣች ግን አትኩራሩ፤ ኪሳችሁ ውስጥ የሚበላ ምን እንዳለ እዩ። ነዚሄን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቋት፤ ምንም ይሁን። የሚጠይቃት ሰው ትወዳለች።