አራቱን ባይት ስምንት ያለው ኃላፊ

አምቦ ሳስተምር የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ የነበረው ሰውዬ ስብሰባ ከመምራት በቀር የሚችለው ነገር አልነበረም።

ተማሪዎች የሚለማመዱበት ኮምፓይለር ነበረን፤ የጻፉትን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር። ላቦራቶሪው ውስጥ አሮጌም አዲስም ኮምፒውተር ስላለ፣ ለእያንዳንዱ ዓይነት የየራሱ ፋይል ያስፈልጋል። በፋይሉ ውስጥ ማክሮዎች ይቀመጣሉ፤ ኮምፓይለሩ ስለ ማሽኑ ለፕሮግራሙ አስቀድሞ የሚነግረው በእነሱ ነው፤ ለምሳሌ አንድ ቁጥር ስንት ባይት የማስታወሻ ቦታ እንደሚይዝ። ኃላፊው እነዚህን እንዲያዘጋጅ ቢጠየቅ፣ የአዲሱን ዝርዝር እንዳለ ለአሮጌው ገልብጦ «ጨረስኩ» አለ።

ከእጃጂ የመጣች ተማሪ ነበረችኝ። የመመረቂያ ፕሮግራሟ በአዲሱ ኮምፒውተር ያለ እንከን ይሠራል፤ በአሮጌው ይቆማል። ሰውዬው የፈተናት በአሮጌው ነበርና ጣላት።

«ቲቸር፣ ፕሮግራሙ የቁጥሩን መጠን ከማሽኑ ፋይል እንዲጠይቅ አድርጌ እኮ ነው የጻፍኩት» አለችው።

«ማሽን አይሳሳትም። ያላጠናሽው አንቺ ነሽ።»

ዓይኗ ቀልቶ እኔ ጋ መጣች። ፋይሎቹን ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። አሮጌው ማሽን በአራት ባይት የሚይዘውን ቁጥር የሰውዬው ፋይል ስምንት ይለዋል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደሜ ፈላ። ሁለት ቀን ተቀምጬ ለሁሉም የሚሆኑትን ማክሮዎች አንድ የጋራ ፋይል ውስጥ ሰበሰብኩ፤ የሚለያዩትን ብቻ በየማሽኑ ፋይል ተውኩ። ፕሮግራሟ አንድ ፊደል ሳይቀየር በሁለቱም ሠራ።

ቢሮው ገብቼ ነገርኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

«ዲሲ!» አለኝ በኦሮምኛ፤ «ተወው ባክህ! ለአንዲት ልጅ ብለህ ነው ይሄ ሁሉ?»

አልተውኩትም። በክፍሉ ስብሰባ ተማሪዋን አስጠርቼ በባልደረቦቻችን ፊት ፕሮግራሟን አሮጌው ኮምፒውተር ላይ አስከፈትኳት። በመጀመሪያ በሱ ፋይል፤ ቆመ። ቀጥሎ በኔ፤ ሠራ። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና፣

«እንግዲህ እንደምታዩት፣ ፋይሎቹን እያደራጀናቸው ነው» አለ።

እያደራጀናቸው! አንድ መስመር እንኳ ያልነካ ሰው።

ውጤቷ ተስተካከለ፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ግን ከአፉ አልወጣም። የተመረቀች ቀን ጥርሱን እያሳየ እጁን ዘረጋላት፤ «ጎበዝ ተማሪዬ!» እያለ። እሷ እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ብላ ጨበጠችው። ለኔም ሲዘረጋልኝ፣ እጆቼን ኪሴ ከትቼ ወላጆቿን ልተዋወቅ ሄድኩ።