ጾሟን ያልፈታችው ልጄ

በጃንሆይ ዘመን መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ ቅቤ እሸጥ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ክርስቲያኑ ቅቤ ስለማይገዛ ገበያው ይቀዘቅዛል። እኛም ወሬ ስንሰልቅ እንውላለን።

አንዲት ልጅ ነበረችን፤ ገና ለአቅመ ሔዋን እየደረሰች። በዚያ ሁዳዴ ፀሐይ እስክትጠልቅ እህል አትቀምስም፤ ከዚያም ጥቂት ሽምብራ ቆርጠም አድርጋ ትተኛለች። የነፍስ አባታችን «ይህችስ የተመረጠች ናት» ብለው መረቋት። እኔና እናቷም ጻድቅ ወለድን ብለን ደስ አለን።

ፋሲካ መጣ፤ ዶሮው ቀረበ። ልጄ ግን ጾሟን አልፈታችም። ታላቅ እህቴ እንደ ልማዷ እኛ ቤት ልትፈስክ መጥታ ነበርና እንቁላሉን በእንጀራ ጠቅልላ «በሞቴ» ብላ ዘረጋችላት። በበዓል ቀን፣ የአክስት ጉርሻ፣ ያውም በሞቴ ተብሎ፣ እምቢ አይባልም። ልጄ አፏን ከፈተች። እህቴ «አንድማ ያጣላል» ብላ ደገመቻት። ልጄ ጉንጯ ተወጥሮ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ሳታኝክ ወጣች። እናቷ ተከትላት ሄደች፤ ጓሮ ለውሻው ስትተፋለት አየቻት።

እህቴ ይህን ስትሰማ በሚስቴ ላይ ዞረች።

«የምታስርቢያት አንቺ ነሽ። እያንዳንዱን ጉርሻ እያየሽባት እንዴት ትብላ?»

«እትዬ፣ እኔማ ስለምናት ነው የምውለው።»

«ልጅ አይለመንም፣ ይታዘዛል።»

የዚያኑ ዕለት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻት። እናትየው ዝር እንዳትል ከለከለች።

ወሬው ገበያ ደረሰ። ጎረቤቴ የሆነ ቅቤ ነጋዴ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ቅቤ ነጋዴ ድርቅ ያወራል ሲሉ እሰማ ነበር። ድርቁን ቤቱ ያስገባ ግን አንተን አየሁ» አለኝ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን ይደረጋል።

ከእህቴ ዘንድ «እየበላች ነው፣ መረቅ ሳይቀር ትጠጣለች» የሚል መልእክት መጣ። ሚስቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ትንሽ ቆይታ ግን ጓዳ ገብታ ብቻዋን፣ «ለካ ከኔ እጅ ነው የማይጥማት» ስትል ሰማኋት።

ክረምቱ ሲገባ እህቴ ልጄን በጋቢ አስጠቅልላ፣ ኩሊ አሸክማ መጣች። ኩሊው አልጋው ላይ አኖራትና ዞር ብሎ፣ «እትዬ፣ ሌላው ሸክም የታለ?» አላት። መቀለዱ አልነበረም።

«እንኩ ልጃችሁን» አለች እህቴ። «ከኔ ቤት ሬሳ አይውጣ።»

ሚስቴ «ትበላለች አላሉንም ነበር፣ እትዬ?» አለቻት።

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ።»

እህቴ ከሄደች በኋላ ልጄ ዓይኗን ገልጣ፣ «እማዬ፣ አንቺ እንኳ ብዪ አትበዪኝ» አለች።

«አልልሽም፣ የኔ እናት።»

ሚስቴ ቃሏን ጠበቀች። ጸጉሯን ታበጥርላታለች፣ እግሯን ታሽላታለች፤ የምግብ ስም ግን አታነሳም። የተልባ ውሃ አጠገቧ አስቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ልጄም አልፎ አልፎ በራሷ እጅ ፉት ትል ነበር። ትተርፋለች ብዬ ነበር። አልተረፈችም፤ ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርናት።

ድንኳን ውስጥ ከኋላችን የተቀመጡ የዕድር ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «በመጨረሻማ ብዪ እንኳ አላለቻትም አሉ፤ እንዲህ ያለች እናት» አለች።

ሚስቴ ሰምታለች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች፤ ብያታለሁ አትል ነገር፣ የተባለው እውነት ነው።